የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ያለ ክፍያ የሚገኝ ጥሩ የኮምፒውተር ጨዋታ

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ስምንት ዓመት ያገለገለ ነው። ማታ ከሥራ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ጨዋታ መጫወት እወዳለሁ፤ ለጨዋታ የማወጣው ገንዘብ ግን የለኝም። ባለፈው ወር «ነጻ» የሚል ጨዋታ ከኢንተርኔት አውርጄ ስጭን፣ ጨዋታው ሳይከፈት ኮምፒውተሬ በማስታወቂያ ተሞላ። በአሮጌ ኮምፒውተር የሚሠራና በእርግጥም ነጻ የሆነ ጨዋታ ከየት ይገኛል? ደግሞም ብዙ ጊዜ ያወረድኩትን ጨዋታ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳልጫወት ሰልችቶኝ እሰርዘዋለሁ። ይህስ ለምን ይሆን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የደረሰብዎት ነገር በእኔም ደርሷል። ከዓመታት በፊት የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ስፈልግ በገባሁበት ገጽ ላይ «አውርድ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው አራት ቁልፎች ነበሩ፤ ትልቁና አረንጓዴው ማስታወቂያ ሲሆን፣ እውነተኛው ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነበር። እኔ ትልቁን ተጫንኩ። ፋይሉ ሲጫንም አስቀድሞ ምልክት የተደረገባቸውን ትንንሽ ሳጥኖች ሳላነብ «ቀጥል፣ ቀጥል» እያልኩ አለፍኩ፤ ሲያበቃ የብሮውዘሬ መነሻ ገጽ ተቀይሮ፣ የማላውቃቸው ሦስት ፕሮግራሞችም ተጭነው አገኘኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታን ከሠሪዎቹ ከራሳቸው ድረ ገጽ ወይም በሚገባ ከታወቀ የጨዋታ መደብር ካልሆነ በቀር አላወርድም። የሠሪዎቹን ድረ ገጽ መለየት ካስቸገረዎት፣ ስለ ጨዋታው በዊኪፔዲያ የተጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ አድራሻውን ይዟል። የተጠራጠሩትን ፋይል ደግሞ ከመክፈትዎ በፊት ቫይረስቶታል ወደተባለው ድረ ገጽ ቢልኩት፣ በብዙ የጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞች መርምሮ የሁሉንም ውጤት በአንድ ገጽ ያሳይዎታል። የሚሸጡ ጨዋታዎችን ቁልፋቸውን ሰብረው በነጻ የሚያድሉ ገጾችን ግን ከናካቴው ይራቋቸው፤ ድርጊቱ ሕገ ወጥ ከመሆኑም ሌላ፣ ቁልፉን የሰበረው ሰው በፋይሉ ውስጥ ምን እንደጨመረበት ማረጋገጫ የለም።

«ነጻ» የሚለው ቃል በጣም የተለያዩ ነገሮችን ስለሚሸፍን፣ ከማውረድ በፊት ሠሪዎቹ በምን እንደሚተዳደሩ መጠየቅ ይጠቅማል። እንደ ዶታ 2 እና ፎርትናይት ያሉት ለመጫወት ምንም አያስከፍሉም፤ ገቢያቸው በጨዋታው ውስጥ ከሚሸጡት ልብስና ጌጥ ይመጣል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ዶታ 2 ለምሳሌ ተጫዋቹ መርጦ የሚዋጋባቸውን ጀግኖች ሁሉ ለማንም በነጻ ስለሚሰጥ፣ ገንዘብ ያወጣ ሰው በጉልበት አይበልጥም። ሆኖም የመግዣው ቁልፍ ሁልጊዜ ቅርብ ነው። የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ተጫዋቾችን ሳያስቡት ወደ ግዢ በሚያስገባ የቁልፍ አቀማመጥ ተከሶ፣ ለደንበኞች ተመላሽ የሚሆን 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል እ.ኤ.አ. በ2022 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምቷል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ጨዋታ ላይ የባንክ ካርድዎን ባያስመዘግቡ እመርጣለሁ። የሚሸጡ ጨዋታዎችን ለተወሰነ ቀን በነጻ የሚሰጡ መደብሮችም አሉ፤ ብዙዎቹ ጨዋታዎች ግን ለእርስዎ ላፕቶፕ ይከብዳሉ።

እኔ የምመርጥልዎ ኦፕን ሶርስ የሚባሉትን፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በበጎ ፈቃደኞች የተሠሩና የፕሮግራም ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆኑ ጨዋታዎችን ነው። የሚሸጡት ነገር ስለሌላቸው የሚጎተጉት ማስታወቂያ የለባቸውም፤ ብዙዎቹም በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ። ባቡርና አውቶቡስ አሰማርቶ የትራንስፖርት ድርጅት ማስተዳደር ለሚወድ ኦፕንቲቲዲ፣ አንድን ሥልጣኔ ከጥንት ጀምሮ ማሳደግ ለሚወድ ፍሪሲቭ አለ። ቼዝ ለሚወድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው ሊቼስ ማስታወቂያ የሌለውና በልገሳ የሚተዳደር ነው፤ በብሮውዘር ስለሚከፈትም የሚጫን ነገር የለውም። ለምሽትዎ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ግን ዴቪድ ዋይት እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረውንና እስከ ዛሬ በብዙ ሰዎች እጅ የዳበረውን ባትል ፎር ዌስኖዝን እመርጣለሁ። በየተራ የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ስለሆነ የእጅ ፍጥነት አይጠይቅም፤ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ቶሎ መሰልቸትዎን በተመለከተ፣ ጥፋቱ የጨዋታዎቹ ብቻ አይመስለኝም። ሰው ገንዘብ ያወጣበትን ጨዋታ እስኪገባው ድረስ ይታገለዋል፤ በነጻ የመጣውን ግን መጀመሪያ ያስቸገረው ቦታ ላይ ይተወዋል። እኔም ዌስኖዝን ሁለት ጊዜ ሰርዤው ነበር። በሦስተኛው ማለማመጃውን ሳልዘል እስከ መጨረሻው ስጫወት፣ በጨዋታው ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚፈራረቁት ለውበት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ፦ የሰዎቹ ወታደሮች የምት ኃይል ቀን በ25 በመቶ ይጨምራል፣ ሌሊት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ኦርክ የሚባሉት ጭራቆች ደግሞ በተቃራኒው ሌሊት ይበረታሉ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሲመሽ ወታደሮቼን ወደ መንደሮች መሰብሰብ ጀመርኩ፤ መንደር ውስጥ ያረፈ ወታደር ቁስሉ ይሽርለታልና። ጎሕ ሲቀድ ወንዙን በመሻገር ላይ ባሉት ጠላቶች ላይ ወረድኩባቸው፤ ውሃ ውስጥ የቆመ ተዋጊ በቀላሉ ስለሚመታ፣ ሌሊቱን ያስጨነቁኝ ኦርኮች ከቀትር በፊት አለቁ። ያን ምሽት ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም።

ስለዚህ አንድ ጨዋታ ብቻ ይምረጡና ለሁለት ሳምንት ሌላ አያውርዱ። የክብደት ደረጃውን ከዝቅተኛው ይጀምሩ፤ ኮምፒውተሩ ከተንቀረፈፈም የምስሉን ጥራት ከማስተካከያው ዝቅ ያድርጉት። ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልጣመዎት ያለ ቅሬታ ይሰርዙት።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጅ አለኝ። ማስታወቂያና ግዢ የሌለበት ነጻ ጨዋታ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ አዎን፣ አለ። ጂኮምፕሪ የተባለው ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ሲሆን፣ ቁጥርን፣ ፊደልንና የማውስ አጠቃቀምን የሚያለማምዱ ከ100 በላይ ትንንሽ ጨዋታዎችን ይዟል። ከጎኑ የመኪና እሽቅድምድም የሆነውን ሱፐርተክስካርት ቢጭኑለት፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ስክሪኑን ለሁለት ከፍለው ከልጅዎ ጋር መወዳደር ይችላሉ። ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠሩ፣ ልጁ በሚጫወትበት ጊዜ ግንኙነቱን ማቋረጥ ይቻላል።