ኦፕአምፕ አጉሊ ነው እንጂ አመንጪ አይደለም

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአጭሩ ልድገመው፣ ከተሳሳትኩ አርመኝ። ኤልኤም35 የሙቀት ሴንሰር አለህ። 25 ዲግሪ ላይ 0.25 ቮልት ይሰጥሃል። አነሰብህና በኤልኤም358፣ ማለትም ሁለት ኦፕአምፕ (ትንሽ ሲግናል የሚያጎላ ሰርኪዩት) በያዘ ቺፕ፣ ሃያ እጥፍ አጉልተህ 5 ቮልት ልታደርሰው ፈለግህ። ቺፑም የሚሠራው በ5 ቮልት ነው። ንባቡ ግን 3.6 ላይ ቆመ፤ ሴንሰሩን በጣትህ ብታሞቀውም ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ደግሞ በዚሁ ኦፕአምፕ 5 ቮልቱን 12 አድርገህ ሞተር ማዞር ይቻል እንደሆነ ጠየቅህ።

ቺፕህ አልተቃጠለም። እሱን እርሳው።

እኔም ስጀምር እዚሁ ላይ ነው የተጣበቅኩት። "አምፕሊፋየር" የሚለው ስም ያሳስታል። ኦፕአምፕ ከራሱ የሚያወጣው ቮልቴጅ የለም። ከምትሰጠው ፓወር ላይ እየቀነሰ፣ በመግቢያው ያየውን ትንሽ ሲግናል በትልቁ ይደግመዋል፤ በቃ። 5 ቮልት ሰጥተኸው ከ5 በላይ ከየት ያምጣ? ኤልኤም358 ደግሞ 5ቱ ላይም አይደርስም። ከፓወሩ 1.5 ቮልት ገደማ ሲቀረው ይቆማል። አንተ ያየኸው 3.6 ይኸው ጣሪያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ስንት እጥፍ ላጉላ ብለህ አትነሳ። የምትለካው ትልቁ ሙቀት ስንት ነው? 60 ዲግሪ እንበል። ሴንሰሩ 0.6 ቮልት ይሰጣል። ጣሪያህ 3.5 ከሆነ ከስድስት እጥፍ በታች ማለት ነው። ሲግናሉ ከሚወጣበት የቺፑ እግር፣ ከፒን 1፣ ወደ ፒን 2 ባለ 47 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከፒን 2 ወደ ግራውንድ ባለ 10 ኪሎ ኦም አድርግ። ሴንሰሩ ፒን 3 ላይ ይገባል። ሂሳቡ 47 ለ10 ሲካፈል 4.7፣ አንድ ሲደመርበት 5.7 እጥፍ። አንዷን መደመር ብዙ ሰው ይረሳል። አሁን 25 ዲግሪ ላይ 1.42 ቮልት አካባቢ፣ 60 ላይ 3.42 ታነባለህ። እያንዳንዱ ዲግሪ 57 ሚሊቮልት ሆነልህ ማለት ነው።

ሲግናሉን በፒን 2 በኩል አስገብቶ መገልበጥም አለ። ለአንተ ግን አይሆንም። ውጤቱ ከዜሮ በታች መውረድ አለበት፣ አንተ ደግሞ ኔጌቲቭ ፓወር የለህም።

አንድ ማታ ሙሉ ያቃጠለኝን ልንገርህ። ፊድባኩን፣ ማለትም ከውጪው ወደ መግቢያው የሚመለሰውን ሽቦ፣ ከፒን 2 ይልቅ ፒን 3 ላይ ሰክቼው ነበር። ውጪው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ተጣበቀ፤ ሴንሰሩን ብነቅለውም አይወርድም። ሦስት ቺፕ ቀየርኩ። ሦስቱም "ብልሽት" ነበሩ! በመጨረሻ ብሬድቦርዱን በስልክ አንስቼ ፎቶውን ሳሰፋው ሽቦዋ አንድ ቀዳዳ አልፋ ተሰክታለች። ከዚያ ወዲህ ፓወር ከመስጠቴ በፊት የቺፑን ጎድጎድ ያለ ምልክት ወደ ላይ አድርጌ፣ ከግራ በኩል ቁልቁል በጣቴ እየነካሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብዬ እቆጥራለሁ። አራት ግራውንድ ነው፣ ከአንድ ፊት ለፊት ያለው ስምንት ፓወር። እነዚህን ሁለቱን ካገላበጥካቸው ግን ጣትህ ቶሎ ያውቃል፣ ይፋጃል።

"ታዲያ ቺፑን 12 ቮልት ልስጠውና ጣሪያው ከፍ ይበል" ልትል ትችላለህ። ይሠራል፣ እስከ 10.5 ገደማ ይወጣል። ነገር ግን ውጪውን ንባቡን የሚወስድ 5 ቮልት ብቻ የሚችል ቦርድ ላይ ከሰካኸው የቦርዱ መግቢያ ይቃጠላል። እኔ አንድ ቦርድ የሸኘሁት በዚህ መንገድ ነው። እስከ 5 ቮልቱ ጫፍ መድረስ የግድ ከሆነ ኤምሲፒ6002 የሚባለውን ኦፕአምፕ ግዛ። የፒኖቹ አቀማመጥ አንድ ነው፣ ነቅለህ ትተካዋለህ። ከ6 ቮልት በላይ ግን እንዳትሰጠው። አሮጌውን 741 ኦፕአምፕ ብዙ ቪዲዮ ላይ ታየዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ ነው፣ በነጠላ 5 ቮልት ግራውንድ አጠገብ ያለ ሲግናል ስትሰጠው ግራ ይገባዋል። ለዚህ ሥራ ተወው።

ሌላው፣ ማጉላት ስህተቱንም አብሮ ያጎላል። ኤልኤም358 በመግቢያው ላይ የራሱ ጥቂት ሚሊቮልት ስህተት አለው፣ ሲብስ እስከ 7። ሴንሰርህ በዲግሪ 10 ሚሊቮልት ስለሆነ እስከ 0.7 ዲግሪ ሊዋሽህ ይችላል ማለት ነው። አንዴ በሌላ ቴርሞሜትር አስተያይተህ ልዩነቱን ንባቡን በምትወስድበት የቦርዱ ኮድ ላይ ቀንሰው።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ አይሆንም። 12 ቮልቱን ብታገኘው እንኳ ይህ ቺፕ የሚሰጠው ከረንት በአስር ሚሊአምፖች የሚቆጠር ነው። ለሞተር የሚያስፈልግህ ቡስት ኮንቨርተር ነው። በኮይል ውስጥ ከረንቱን እየቆራረጠ ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል። እሱም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ 12 ቮልት በግማሽ አምፒር 6 ዋት ነው፣ ከ5 ቮልቱ ቢያንስ 1.2 አምፒር ይጎትትብሃል፣ ብክነቱ ሳይቆጠር። በዩኤስቢ ገመድ ከሆነ የምትሰጠው መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚችል እይ።

አሁን ሬዚስተሮቹን ቀይርና መልቲሜትሩን መጀመሪያ ፒን 3 ላይ፣ ቀጥሎ ፒን 1 ላይ አድርግ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን 5.7 እጥፍ ካልሆነ ሁለቱንም ቁጥሮች ጻፍልኝ። ፒን 4 እና 8 መካከል 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ቺፑ ሥር ማስጠጋት እንዳትረሳ። ያልተጠቀምክበትን የቺፑን ሁለተኛ ኦፕአምፕም አየር ላይ አትተወው፤ ፒን 6ን ከ7 ጋር አገናኝ፣ 5ን ግራውንድ ላይ ስካ።