ድጎማ የሚቀበል ሰው በምላሹ የመስራት ግዴታ ይኑርበት ወይ? ያላችሁን ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ማህበራዊ ድጋፍ ላይ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ እና ይሄ ክርክር በተነሳ ቁጥር ሰው ሁለት የማይገናኝ ነገር አንድ ላይ ጠቅልሎ ሲጣላ አያለሁ። የኔን አቋም ከጅምሩ ልንገራችሁና ጠይቁኝ፦ ስራ ግዴታ ነው የሚል መንግስት ስራውን ራሱ ያቅርብ። ሳያቅርብ "ሰርተህ ና" ካለ ድሃውን ወረቀት ማሯሯጥ ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ እኔ በጠዋት ተነስቼ ሰርቼ ታክስ እከፍላለሁ፣ ሌላው ቤቱ ተኝቶ በኔ ታክስ ይኖራል። ቢሰራ ምን ይሆናል? ፍትህ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ ቅሬታህ ይገባኛል፣ ዝም ብሎ መናቅም የለበትም፣ ምክንያቱም ታክስ ከፋዩ ተበደልኩ ካለ ድጎማው ራሱ አይቆይም። ግን አንተ በሀሳብህ የሳልከው ሰው፣ ማለት ጤነኛ፣ ልጅ የማያሳድግ፣ በሽተኛ የማያስታምም፣ ስራ ተሰጥቶት እምቢ ያለ፣ እሱ አለ ግን ጥቂት ነው። ድጎማ የሚያገኘው ሰው አብዛኛው አዛውንት ነው፣ ህጻን ነው፣ አካል ጉዳተኛ ነው። ከቀሩት ደግሞ ብዙዎቹ እየሰሩ ነው፣ ደሞዙ ስለማይበቃቸው ነው የሚደጎሙት። ለዛ ለጥቂቱ ተብሎ የሚወጣ ህግ ግን ሁሉንም ነው የሚያሰልፈው።

ጥያቄ፦ መስራትህን አረጋግጥ መባል ምኑ ነው ከባዱ? አንድ ፎርም መሙላት እኮ ነው

መልስ፦ እንደሱ ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ አርካንሳስ የምትባል ግዛት በ2018 (አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) ያደረገችውን ልንገርህ። በመንግስት የጤና ሽፋን የሚጠቀሙ የተወሰኑ ጎልማሶች በወር 80 ሰአት መስራታቸውን ወይ ነጻ የሚያደርጋቸው ምክንያት እንዳላቸው ሪፖርት ያድርጉ ተባለ፣ መጀመሪያ ላይ ሪፖርቱ በኦንላይን ብቻ ነበር፣ ኢንተርኔት የሌለው ሰው ምን ያድርግ ብሎ ያሰበ የለም። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ18,000 በላይ ሰው ሽፋኑን አጣ። በ2019 መጋቢት ላይ ፍርድ ቤት አስቆመው። በኋላ ሲጠና ምን ተገኘ መሰለህ፣ ስራ የያዘው ሰው ቁጥር አልጨመረም፣ ህጉ ከሚመለከታቸው ሰዎች አብዛኞቹ ደግሞ ድሮም እየሰሩ ነበር ወይ ደግሞ ነጻ መሆን የሚገባቸው ነበሩ። እየሰራ ያለ ሰው መስራቱን ማስመዝገብ ስላልቻለ ህክምናውን አጣ ማለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እና ይሄው በ2025 አሜሪካ ያንኑ የ80 ሰአት ነገር በአገር ደረጃ አጽድቃዋለች።

ጥያቄ፦ ግን በ1996 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለድሃ ቤተሰብ በሚሰጠው የገንዘብ እርዳታ ላይ ስራን ግዴታ ሲያደርግ ተረጂው በጣም ቀንሶ የለም እንዴ? ውጤት አይደለም?

መልስ፦ ቀንሷል፣ ከግማሽ በላይ ነው የቀነሰው፣ ስራ የገቡ ብቸኛ እናቶችም በርክተዋል፣ አልክድም። ግን በዛው ሰሞን ኢኮኖሚው ሽቅብ እየወጣ ነበር፣ በዛ ላይ ዝቅተኛ ደሞዝ ለሚያገኝ ሰራተኛ የሚመለሰው የታክስ ድጎማ በ1993 በደንብ አድጎ ነበር፣ ማለት "ካልሰራህ እቀጣሃለሁ" ብቻ አልነበረም "ከሰራህ እጨምርልሃለሁ" የሚልም ነበር፣ ሰው ግን ቅጣቱን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ሌላው፣ የተረጂ መቀነስና የድህነት መቀነስ አንድ አይደለም። የፌዴራሉ መንግስት ለዚህ እርዳታ ለግዛቶች በአመት የሚሰጠው 16.5 ቢሊዮን ዶላር ላይ ቆመ፣ በዋጋ ንረት እንዲስተካከል አልተደረገም፣ አንድ ቤተሰብ ደግሞ በዕድሜ ልክ 60 ወር ብቻ ተባለ። ከዛ በ2008 የኢኮኖሚ ቀውሱ ሲመጣ ስራ አጡ ሲበዛ ይሄ ድጋፍ የጨመረው ትንሽ ነው። ዝናብ ሲመጣ የማይዘረጋ ጃንጥላ ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ዝም ብሎ ብር መስጠት ሰው ያሰንፋል፣ ይሄ የታወቀ ነው

መልስ፦ የሚባል ነው እንጂ የታወቀ አይደለም። ፊንላንድ በ2017 እና 2018 ለ2,000 ስራ አጦች ያለምንም ግዴታ በወር 560 ዩሮ ሰጥታ አይታዋለች። ከሌሎቹ ስራ አጦች ያነሰ አልሰሩም፣ እንዲያውም በጥቂቱ በለጡ፣ ጭንቀታቸው ደግሞ ቀነሰ። በድሃ አገሮችም የተሞከሩ የጥሬ ብር ድጋፎች ተሰብስበው ሲታዩ ሰውን ከስራ ያስቀራሉ የሚል ማስረጃ አልተገኘም።

ጥያቄ፦ እሺ እርስዎ እንደሚሉት ስራውን ራሱ ያቀረበ መንግስት አለ? ወይስ ምኞት ነው?

መልስ፦ አለ እንጂ። ህንድ በ2005 ያወጣችው ህግ ለገጠር ቤተሰብ በአመት 100 ቀን ስራ የመጠየቅ መብት ሰጠ፣ በ15 ቀን ውስጥ ስራ ካልተሰጠው ደግሞ መንግስት የስራ አጥ ክፍያ እንዲከፍል። አያችሁ ግዴታው ወዴት እንደዞረ፣ መንግስት ላይ ነው የወደቀው። በእርግጥ ክፍያ ይዘገይ ነበር፣ ሰርቶ ለሳምንታት የጠበቀ ብዙ ነው፣ ግን ሀሳቡ ትክክል ነበር።

የኛው የኢትዮጵያ ሴፍቲኔትም፣ ማለት የምግብ እጥረት ላለበት የገጠር ቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ፣ በኛ አቆጣጠር ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ለሁለት ከፍሎ ነው የሚሰራው፣ ጉልበት ያለው እርከን፣ መንገድ፣ ውሃ ላይ ይሰራል፣ አዛውንትና አቅም የሌለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል፣ እርጉዝና የምታጠባ እናትም ከስራው ትወጣለች። ስራው የእርሻ ስራ በሚቀንስበት ጊዜ እንዲሆን መደረጉ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰውየውን ከገዛ ማሳው አይነጥቀውም። እንከን አለው፣ በተለይ ምልመላው ላይ፣ ማን ጉልበት አለው ማን የለውም የሚለውን የሚወስነው ሰው እጅ ላይ ብዙ ነገር ይወድቃል። ቢሆንም የማይችለውን ሰው ከመጀመሪያው ለይቶ ማስቀመጡን እወድለታለሁ።

ጥያቄ፦ ይሄ ነገር የግዳጅ ስራ አይሆንም? እምቢ ያለ ሰው ይራብ ነው?

መልስ፦ እህቴ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይሄ ነው ከባዱ። የጀርመን ህገ መንግስት ፍርድ ቤት በ2019 ጥሩ አድርጎ መልሶታል፦ መንግስት ስራ ፈልግ ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ ላልተባበረ ሰው መቀነስም ይችላል፣ ግን ከ30 በመቶ በላይ መቁረጥ ከሰው ልጅ ክብር ጋር አይሄድም አለ። ከዛ በፊት 60 በመቶ፣ አልፎም ሙሉ በሙሉ ይቆረጥ ነበር። እኔ ከዛም እጨምራለሁ፣ ልጅ ያለበት ቤት ላይ ምንም ቅጣት መውደቅ የለበትም። ልጁ ምን አጠፋ?

ጥያቄ፦ ተረጂ መንገድ ሲጠርግ ደሞዝተኛው ጠራጊ አይባረርም?

መልስ፦ ይባረራል። ለዛ ነው ስራው ሌላ ሰው በደሞዝ የማይሰራው መሆን ያለበት፣ ወይ ደግሞ ሙሉ ደሞዝ ተከፍሎበት ስራ ይባል። አሜሪካ ከ1935 እስከ 1943 8.5 ሚሊዮን የሚሆን ስራ አጥ መንገድ፣ ድልድይ፣ ትምህርት ቤት ስታሰራ ደሞዝ ነበር የምትከፍለው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ድጎማ ላይ ነው፣ ስራ ቢያገኝ ድጎማው ይቆረጥበታል፣ ስለዚህ ይፈራል። ሰነፍ ነው ይሉታል

መልስ፦ ወንድምሽ ሰነፍ አይደለም ሂሳብ ያውቃል። ስራ ሲይዝ ድጎማው በአንዴ የሚጠፋ ከሆነና ትራንስፖርትና የልጅ ማዋያ ሲጨመርበት እጁ ላይ የሚቀረው ከበፊቱ ካነሰ፣ ማንም ቢሆን ያመነታል። መፍትሄው ቀስ በቀስ መቀነስ ነው፣ እንግሊዝ አሁን ሰው ካገኘው አንድ ፓውንድ ላይ ከድጎማው 55 ሳንቲም ነው የምትቀንሰው፣ እሱም ለኔ ብዙ ነው ግን ቢያንስ የሰራ ሰው አይከስርም። ወንድምሽ ስራውን እሺ ከማለቱ በፊት ሶስት ነገር በጽሁፍ ይጠይቅ፦ ከስንት ብር ገቢ ጀምሮ ነው የሚቀነሰው፣ የጤና ሽፋኑ ለስንት ወር ይቆይለታል፣ ስራው ባይቆይ እንደገና ለመመዝገብ ስንት ጊዜ ይፈጃል። ሶስተኛውን በተለይ እንዳይረሳ፣ ሰው በብዛት የሚጎዳው እዛ ላይ ነው።