ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ መዛወር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በሰሜን ቨርጂኒያ ከሚገኝ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተነሥቼ በዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄያለሁ፤ አሁን በሶፍትዌር ሥራ ላይ ነኝ። በሁለት ዓመት ማለቅ የነበረበት የኮሌጅ ቆይታዬ ሦስት ዓመት ተኩል የፈጀው አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው በማጣቴ ስለነበር፣ ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ደጋግመው የመጡትን እነሆ በጽሑፍ እመልሳለሁ። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው የቨርጂኒያ ናቸው።

ጥያቄ፦ በኮሌጅ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ እየተማርኩ ነው። ሁለቱን ዓመት ስጨርስ በቀጥታ የኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት እገባለሁ?

ከሁሉ አስቀድመው የተመዘገቡበትን የዲግሪ ስም ይመልከቱ። «ኤ.ኤስ.» የሚባለው የሁለት ዓመት ዲግሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚዛወር ተማሪ የተዘጋጀ ሲሆን፣ «ኤ.ኤ.ኤስ.» የሚባለው ግን ተማሪውን በቀጥታ ወደ ሥራ ለማስገባት የተቀረጸ ነው። በፊደል የሚለያዩት በአንድ «ኤ» ብቻ ነው፤ ውጤታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በኔትወርክ፣ በሳይበር ደኅንነትና በኢንፎርሜሽን ሲስተም የሚሰጡ ብዙ የኮሌጅ ፕሮግራሞች የሁለተኛው ዓይነት ናቸው።

እኔም የተመዘገብሁት በዚሁ በሁለተኛው ነበር። 64 ክሬዲት ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲው አማካሪ ስቀርብ፣ ሴትዮዋ ትራንስክሪፕቴን አትመው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና በቀይ እስክሪብቶ ከላይ ወደ ታች ምልክት ያደርጉ ጀመር። የእንግሊዝኛውና የታሪኩ ኮርስ አለፈ፤ ስለ ራውተርና ስለ ሰርቨር የወሰድኋቸው በሙሉ «ነጻ ምርጫ» ተባሉ። ክሬዲታቸው ተቆጥሮልኛል፤ ሆኖም ዲግሪው ከሚጠይቃቸው ኮርሶች የአንዱንም ቦታ አልሞሉም። ስለዚህ ገና ካልጀመሩ ወይም አንድ ሴሚስተር ብቻ ከተማሩ፣ በዚህ ሳምንት ሬጅስትራር ሄደው ፕሮግራምዎን ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ኤ.ኤስ. ያስቀይሩ።

ጥያቄ፦ አጠቃላይ ትምህርቶቹን ልጨርስና ሒሳቡን ዩኒቨርሲቲ ስገባ ብወስደው አይሻልም?

አይሻልም። ይህ ምክር ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ በተደጋጋሚ እሰማለሁ፤ ብዙዎችን ወደ ኋላ ያስቀረም ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ኮርሶች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ በመሆናቸው፣ የቀደመውን ሳያልፉ ተከታዩን መመዝገብ አይቻልም። በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ እኛ «ኖቫ» በምንለው፣ ፕሮግራሚንጉ ከሲኤስሲ 221 ወደ 222፣ ከዚያም ዳታ ስትራክቸር (መረጃን በኮምፒውተር ውስጥ የማደራጃ ዘዴዎች) ወደሚሰጥበት 223 ይሄዳል፤ ይህ ብቻውን ሦስት ሴሚስተር ነው። የሒሳቡ ሰንሰለት ደግሞ ከዚህ ይረዝማል። በምዘና ከፕሪካልኩለስ እንዲጀምር የተደረገ ተማሪ፣ ካልኩለስ አንድን፣ ሁለትንና ሦስትን ለመጨረስ በድምሩ አራት ሴሚስተር ያስፈልገዋል፤ በዚህ ላይ ሊኒየር አልጄብራና ዲስክሪት ማቲማቲክስ አሉ። ሒሳቡን አቆይቶ 60 ክሬዲት የሞላ ተማሪ በወረቀት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ቢባልም፣ ሊመዘገብበት የሚችል የሦስተኛ ዓመት ኮርስ አያገኝም።

እኔ የምመክረው በየሴሚስተሩ አንድ ሒሳብና አንድ ፕሮግራሚንግ ወስዶ፣ የቀረውን ቦታ በእንግሊዝኛ፣ በታሪክና በመሳሰሉት መሙላት ነው። ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ያለው የሳይንስ ኮርስ በሁለት ተከታታይ ሴሚስተር የሚጠይቅ ከሆነም፣ ሁለቱንም በአንድ ትምህርት ቤት መጨረስ ከብዙ ጣጣ ያድናል። የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ በቨርጂኒያ «ትራንስፈር ቨርጂኒያ»፣ በሜሪላንድ «አርትሲስ»፣ በካሊፎርኒያ «አሲስት» በተባሉት ድረ ገጾች በነጻ ማየት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የተረጋገጠ ቅበላ አለ ሲባል እሰማለሁ። እምነት ሊጣልበት ይችላል?

ኮሌጁና ዩኒቨርሲቲው የተዋዋሉት ውል በትክክል ምን እንደሚል አንብቡ። ዩኒቨርሲቲው መቀበሉ አንድ ነገር ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ዲፓርትመንት መቀበሉ ሌላ ነገር ነው። ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ የተማሪ ቁጥሩ የተገደበ ስለሆነ የራሱ የመግቢያ መስፈርት አለው። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚዛወሩ ተማሪዎች በብርቱ ውድድር ነው የሚገቡት። በኖቫና በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መካከል ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው «አድቫንስ» የተባለው ፕሮግራም ግን ለእኛ አካባቢ ልጆች ትልቅ በረከት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተማሪው ገና ኮሌጅ ሳለ እስከ ባችለር ዲግሪ የሚያደርሰው የኮርስ ቅደም ተከተልና የሚከታተለው አማካሪ ይሰጠዋል። የተዘጋጀው በጅማሬ ላይ ላሉ ተማሪዎች ስለሆነ በመጀመሪያው ሴሚስተር ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ በአካውንቲንግ ዲግሪ ይዤ በዲቪ መጣሁ። ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ብጀምር ፔል ግራንት አገኛለሁ?

በአብዛኛው አያገኙም፤ ይህን ቀድመው ቢያውቁት ይሻላል። ፔል ግራንት ባችለር ዲግሪ ለሌለው ሰው የሚሰጥ፣ የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ሲሆን፣ ከአሜሪካው ባችለር ጋር እኩል የሆነ የውጭ አገር ዲግሪም እንደዚያው ይቆጠራል። ዲግሪውን በፋፍሳ (በፌዴራል የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ) ላይ መደበቅ ደግሞ ገንዘቡን ከማስመለስ አልፎ ከባድ ችግር ያመጣል። የፌዴራል ብድር ግን መጠየቅ ይችላሉ። ለነዋሪዎች የሚሆነውን ዝቅተኛ ክፍያ ለማግኘት በቨርጂኒያ በአጠቃላይ የ12 ወር ነዋሪነት እንደሚያስፈልግም አይርሱ።

ትራንስክሪፕትዎን እንደ «ዌስ» ባለ እውቅና ባለው ገምጋሚ ድርጅት፣ ኮርስ በኮርስ ያስገምግሙ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የወጪ መጋራት ዕዳ ሳይከፈል ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ስለማይላክ፣ ጉዳዩን የሚጨርስልዎ ሰው አገር ቤት በጊዜ ይወክሉ።

ሁለተኛ ባችለር ከመጀመርዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያስቡ። የካልኩለስ፣ የዲስክሪት፣ የፕሮግራሚንግና የዳታ ስትራክቸር ኮርሶችን በኮሚኒቲ ኮሌጅ ወስዶ በቀጥታ ለኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ማመልከት የሚቻልባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ለእርስዎ ይህ መንገድ አጭር ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ሌሊት እሠራለሁ። ከሁለት ኮርስ በላይ አልችልም። ይሆናል?

ይሆናል እህቴ። ሁለት ኮርስ ብቻ ከሆነ ሒሳብና ፕሮግራሚንግ ይሁኑ፤ ሰንሰለቱ እንዳይቆም ማለቴ ነው። ፔል ግራንት ለግማሽ ጊዜ ተማሪም በልኩ ይሰጣል። ነገር ግን ለዲግሪው ከሚያስፈልገው ክሬዲት 150 በመቶ በላይ ከተመዘገቡ የገንዘብ እርዳታው ሊቋረጥ ይችላል፤ ለ60 ክሬዲት ዲግሪ 90 ክሬዲት መሆኑ ነው። ጥለው የወጧቸውና የወደቁባቸው ኮርሶችም እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ።

ጥያቄ፦ የተማሪ ቪዛ አለኝ። ስዛወር ምን ልጠንቀቅ?

ከሁለቱም ትምህርት ቤቶች የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጋር ተነጋግረው የ«ሴቪስ» (የውጭ ተማሪዎች የሚመዘገቡበት የአሜሪካ መንግሥት ሥርዓት) መዝገብዎ የሚተላለፍበትን ቀን ያስወስኑ። በሴሚስተር ከ12 ክሬዲት አይውረዱ፤ ከነዚህም በኦንላይን የሚቆጠርልዎ አንድ ኮርስ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ካልኩለስ ሁለትን በ«ዲ» አለፍኩ። ይዛወራል?

በአብዛኛው ለዲግሪው የሚቆጠረው «ሲ» እና ከዚያ በላይ ነው፤ ይድገሙት። የኮሌጅ አማካይ ውጤትዎ ለመቀበል ይታያል እንጂ እንደ ጆርጅ ሜሰን ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከገቡ በኋላ አማካይዎ እንደ አዲስ ይጀምራል። በውጤታቸው ላዘኑ ሰዎች ይህ መጽናኛ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲው ዳታ ስትራክቸርን አልቆጥርም አለኝ። ምን ላድርግ?

የመጀመሪያውን መልስ እንደ መጨረሻ አይውሰዱት። እኔ በኋላ የወሰድሁት የዳታ ስትራክቸር ኮርስ መጀመሪያ ተከልክሎ ነበር፤ ሆኖም ሲለበሱን (የኮርሱን ዝርዝር መግለጫ)፣ የሠራኋቸውን ፕሮጀክቶችና የመጨረሻውን ፈተና ርዕሶች በአንድ አቃፊ አስቀምጬ ስለነበር ለዲፓርትመንቱ ላክሁ፤ ኮርሱን የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር አንብበው በዘጠኝ ቀን ውስጥ አጸደቁት። በሜሪላንድ በ2021 የወጣው ሕግ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ሲከለክል ምክንያቱን ለተማሪውና ለላከው ኮሌጅ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ያንን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ። ኮርሱ ሲያልቅ ሲለበሱ ከኮሌጁ ገጽ ላይ ሊነሣ ስለሚችል ዛሬውኑ አውርደው ያስቀምጡ። የተማሩበት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፓይተን ሆኖ ዩኒቨርሲቲው በጃቫ የሚያስተምር ከሆነም፣ ሊንክድ ሊስት፣ ትሪና ሃሽ ቴብል የተባሉትን የዳታ ስትራክቸር ዓይነቶች በጃቫ ጽፈው ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ።