ጎረቤት አገር የሰው ጦርነት ውስጥ ምን ይዶለዋል? ጠይቁኝ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)

ጥያቄ፦ ኮንጎ የገቡት ሁሉ ለማዕድን አይደል እንዴ?

መልስ፦ ሁሉም ከዚህ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ማዕድኑ ያቆያቸዋል እንጂ መጀመሪያ ያስገባቸው እሱ አይመስለኝም። በ1994 ሩዋንዳ ውስጥ ዘር ያጠፉት ወታደሮችና ኢንተርሃምዌ የሚባሉት ሚሊሻዎች ተሸንፈው ዛየር (የዛሬዋ ኮንጎ) ገቡ፣ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ተደራጅተው መልሰው ማጥቃት ጀመሩ፣ የዛየሩ መሪ ሞቡቱ ደሞ ዝም አለ፤ ከዛ ሩዋንዳ 1996 ላይ ገባች፣ ከኡጋንዳ ጋር ሆና የአገሩን አማፂ መሪ ሎራን ካቢላን ይዛ በ1997 ሞቡቱን ገለበጡት። አንጎላም የተባበረችው ሞቡቱ የእሷን አማፂዎች፣ ኡኒታን፣ ያስጠልል ስለነበር ነው። ወርቁና ኮልታን የሚባለው ማዕድን የጣማቸው ከገቡ በኋላ ነው። ጁን 2000 ላይማ ሩዋንዳና ኡጋንዳ፣ የትናንት አጋሮች፣ ኮንጎ ውስጥ ኪሳንጋኒ ላይ ስድስት ቀን እርስ በርስ ተታኮሱ፣ በሰው ከተማ! ይሄን እንግዲህ ማን ድንበር ጥበቃ ይለዋል?

ጥያቄ፦ ጦር ከመላክ አማፂ መርዳት ለምን ይመርጣሉ?

መልስ፦ ርካሽ ነዋ፣ ሲጠየቁም "እኛ የለንበትም" ማለት ይቻላል። ካርቱም የኡጋንዳ አማፂ የሆነውን የጆሴፍ ኮኒን ኤልአርኤ ስታስታጥቅ ካምፓላ ደሞ የደቡብ ሱዳን አማፂ የነበረውን የጆን ጋራንግን ኤስፒኤልኤ ትረዳ ነበር፣ ብድር በምድር።

ጥያቄ፦ የጎሳ ዝምድናስ?

መልስ፦ አለበት፣ ግን መሪው ፈልጎ ላይሆን ይችላል። የቻዱ መሪ የነበረው ኢድሪስ ዴቢ መጀመሪያ የሱዳኑ የዳርፉር ጦርነት ውስጥ መግባት አልፈለገም፣ የሱዳኑ መሪ አልበሽር ወዳጁ ነበር። ችግሩ እሱም መኮንኖቹም የዛጋዋ ጎሳ ነበሩ፣ ዳርፉር ከሚዋጉት ብዙዎቹም ዛጋዋ፣ ዝም ቢል የራሱ ጦር ሊዞርበት ሆነ። ስለዚህ ጄም የሚባለውን የዳርፉር አማፂ ደገፈ፣ ካርቱም ደሞ የቻድን አማፂዎች። ፌብሩዋሪ 2008 የቻድ አማፂዎች ዋና ከተማው ንጃሜና ገቡ፣ ሜይ ላይ ጄም ካርቱም አጠገብ ኦምዱርማን ደረሰ። ሁለቱም መሪዎች ለጥቂት ተረፉ፣ 2010 ላይ ታረቁና ሲረዱት የነበረውን የሌላውን አማፂ አባረሩ።

ጥያቄ፦ የሚጠየቅ አለ?

መልስ፦ ጥቂት። የላይቤሪያው ቻርልስ ቴይለር የሴራሊዮንን አማፂዎች በመርዳቱ በ2012 ሃምሳ ዓመት ተፈረደበት። ኡጋንዳን በኮንጎው ወረራ አገሮችን የሚዳኘው የሄጉ ፍርድ ቤት 2005 ላይ ጥፋተኛ አላት፣ ካሳው 325 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ የተወሰነው ግን 2022 ላይ ነው። ሩዋንዳ ደሞ የፍርድ ቤቱን ስልጣን ስላልተቀበለች የኮንጎ ክስ 2006 ላይ ውድቅ ሆነ።