ርካሽ ጎማ ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል? ጥያቄና መልስ

የጎማ ጥያቄዎቻችሁ ተጠራቅመውብኛልና ዛሬ ባንድ ላይ ልገላገላቸው። አብዛኞቻችሁ የምትፈልጉት ያው ነው። ጠዋት ሥራ ሄዳ ማታ ለምትመለስ ተራ መኪና፣ ኪስ የማይጎዳ ግን ቶሎ የማያልቅ ጎማ።

ጥያቄ፦ አራቱም ጎማዎቼ አልቀዋል። አንዱ ሻጭ ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን ጎማ በርካሽ ሊሰጠኝ ነው። ሌላኛው የታወቀ ብራንድ ነው፣ ዋጋው ግን አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። በሥራ ቀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጎማን ዋጋ በኪሎ ሜትር ነው ማስላት ያለብህ። ርካሹ 100 ነው እንበል፣ ውዱ 150። ርካሹ 30,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ቢያልቅና ውዱ 60,000 ቢሄድልህ፣ ለእያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ርካሹ 3.3፣ ውዱ 2.5 ያስወጣሃል። በዚያ ላይ ርካሹን ሁለቴ ነው የምታስገጥመው፤ የጎሚስታው ሒሳብ፣ ባላንሱ፣ ወረፋ ስትጠብቅ የባከነው ግማሽ ቀን፣ ሁሉም ሁለት ጊዜ።

«ርካሹ 30,000 ብቻ እንደሚሄድ በምን አወቅህ?» ብትለኝ ልክ ነህ። ጎማው ጎን ላይ «ትሬድዌር» ከሚለው ቃል አጠገብ የተጻፈ ቁጥር ፈልግ። 200፣ 400፣ 600 የመሰለ ቁጥር ነው። መነሻው 100 ነው፤ 400 የተሰጠው ጎማ በሙከራው ላይ ከመነሻው ጎማ አራት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በል። ሙከራው ወደ 11,600 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ የቀረው በስሌት ነው የሚገመተው፣ ቁጥሩንም የሚሰጠው ራሱ ፋብሪካው ነው። ስለዚህ የአንድ ፋብሪካ ሁለት ጎማዎችን ለማወዳደር ጥሩ ነው፣ የሁለት ፋብሪካዎችን ለማወዳደር ግን በግማሽ ልብ እመነው። ለሥራ መመላለሻ እኔ ከ400 በታች አልገዛም።

ትልቅ ቁጥር አየሁ ብለህም አትቸኩል። ቶሎ የማያልቅ ጎማ ብዙ ጊዜ ጠጠር ያለ ነው፣ ጠጣር ጎማ ደግሞ እርጥብ መንገድ ላይ መያዝ ሊያቅተው ይችላል። ለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ «ትራክሽን» ብሎ የተጻፈውን ፊደል እይ፤ ኤኤ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብሎ ይወርዳል። በእርጥብ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ የመቆም አቅሙን ነው የሚነግርህ። ከኤ በታች አትውረድ። ይህ ምልክት የአሜሪካ ስለሆነ ለሌላ ገበያ በተሠራ ጎማ ላይ ላታገኘው ትችላለህ። የአውሮፓው ባለቀለም ወረቀት ካለው እሱ ላይ የዝናቡን ምልክት ፈልግ፣ ከ2021 ወዲህ ከኤ እስከ ኢ ነው የሚሄደው። የሚገርመው፣ ያ ወረቀት ስለ ነዳጅ፣ ስለ እርጥብ መንገድና ስለ ድምፅ ይነግርህና ጎማው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አንድም ቃል አይተነፍስም።

የእኔ ምርጫ? ከሁለቱም መሃል ያለው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ከዋናው ስማቸው ሌላ ወረድ ባለ ዋጋ የሚሸጧቸው ብራንዶች አሏቸው። ፋየርስቶን የብሪጅስቶን ነው፣ ጄነራል ታየር የኮንቲኔንታል፣ ላውፈን የሃንኩክ። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ማለት በዓመት ወደ 10,000 ገደማ ነው። የ60,000ው ጎማ ስድስት ዓመት ሊቆይህ ነው። ከዚያ በላይ የሚሄድ ጎማ ፍለጋ ገንዘብ አትጨምር፣ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጅብሃል።

ጥያቄ፦ «አዲስ ነው» ተብዬ የገዛሁት ጎማ የቆየ ይመስለኛል። ዕድሜውን እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ጎኑ ላይ «ዲኦቲ» ከሚሉ ፊደላት ጀምሮ ረዘም ያለ ኮድ አለ። የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ብቻ ተመልከቺ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካገኘሽ ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ባለበት ተዪው።

አንድ ተንኮል አለው። ሙሉው ኮድ ብዙ ጊዜ ያለው በጎማው አንድ ጎን ላይ ብቻ ነው። እኔ አንድ ጊዜ አራት ጎማ አስገጥሜ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። በነጋታው ቀኑን ለማየት ስዞር ከውጭ በኩል አራቱን አኃዝ የያዘ ጎማ አንድ እንኳ አጣሁ። በጀርባዬ ተኝቼ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ፣ አንገቴን ከቸርኬው ኋላ አስገብቼ ሳነብ ሁለቱ የዚያው ዓመት ናቸው፣ ሁለቱ ግን አምስት ዓመት ሊሞላቸው ነው! ሻጩ «መጋዘን ውስጥ ነው የቆዩት፣ አልተነዱም» አለኝ። አልዋሸም፣ ግን የከፈልኩት የአዲስ ዋጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎማው ቸርኬ ላይ ከመግባቱ በፊት ቀኑን በጣቴ እየነካሁ ነው የማነበው።

ጥላ ባለበት ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ጎማ አንድ ሁለት ዓመት ቢሞላው አያስፈራም። ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች ስድስት ዓመት ሲሞላው ቀይሩ ይላሉ፣ ሚሽሊን ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም ከ10 ዓመት በላይ አትንዱበት ይላል። አራት ዓመት ያለፈውን በሙሉ ዋጋ አትግዢ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ ገንዘብ ያጥረኛል። ያገለገለ ጎማ ብገዛስ? ሁለት ቀርቦልኛል፣ አንደኛው ጥርሱ ደህና ነው ግን ጎኑ ትንሽ አበጥ ብሏል፣ ሁለተኛው ጎኑ ንጹሕ ነው ግን ጥርሱ ወደ ማለቁ ነው።

መልስ፦ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ፣ አባቴ። ያበጠውን በነፃም ቢሰጡዎት አይውሰዱ። እብጠቱ የውስጡ ሸራ ተበጥሶ ንፋሱ ላስቲኩን እየገፋው ነው ማለት ነው። መቼ እንደሚፈነዳ ማንም ሊነግርዎ አይችልም፣ አይጠገንምም። ሁለተኛው ቢያንስ ሐቀኛ ነው፣ ሊያልቅ እንደሆነ ፊት ለፊት ይነግርዎታል፤ ግን ለጥቂት ወር መንገድ ነው የሚከፍሉት። አዲስ ጎማ ሲገዛ ጥርሱ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ ብዙ አገር ሕግ የሚፈቅደው እስከ 1.6 ነው። ስለዚህ 4 ሚሊ ሜትር የቀረው ጎማ ከሚሠራበት ጥርስ ከግማሽ በላዩን ጨርሷል። በግማሽ ዋጋ ከሸጡልዎት ያተረፉት እርስዎ አይደሉም። ሁለት አዲስ ዛሬ፣ ሁለት ሌላ ጊዜ ቢገዙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጎማዬ ገና 20,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላው ሁለቱም ጠርዙ ተበልቶ መሃሉ ደህና ነው። የሸጠልኝ ሰው አጭበርብሮኛል?

መልስ፦ ሰውየውን ለጊዜው ማሪው፣ ንፋስ አንሶት ነው የበላው። ንፋስ ያነሰው ጎማ መሃሉ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ሸክሙ በሁለቱ ጠርዝ ላይ ይወድቃል። ንፋስ ሲበዛ በተቃራኒው መሃሉ ይላጫል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ደግሞ አላይመንቱ፣ ማለትም የጎማዎቹ አቀማመጥ፣ ተዛብቷል። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ከሆነ አሞርዛተሩን ወይም ባላንሱን አስፈትሺ።

በእጅም ይታወቃል። መጀመሪያ የወጣ ሽቦ እንደሌለ በዓይንሽ አረጋግጪ፣ ከዚያ መዳፍሽን ጥርሱ ላይ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ አሻሺ። ወደ አንዱ ልስልስ ብሎ ወደ ሌላው እንደ መጋዝ የሚይዝሽ ከሆነ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው አይሄዱም ማለት ነው፣ መሬቱን እየፋቁ ነው። ዓይን ሳያየው መዳፍ ያውቀዋል። አዲስ ጎማ ከመግዛትሽ በፊት አላይመንቱን አስተካክዪ፣ አለዚያ አዲሱንም ይበላዋል።

ንፋሱ ስንት ይሁን ካልሽ፣ የሹፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ ቁጥሩ እሱ ላይ ነው። ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር አትከተይ፤ ያ ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ጎሚስታም ጭምር፣ እሱን አይቶ ይሞላል። የምትለኪው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፣ መኪናዋ ሦስት ሰዓት ያህል ከቆመች በኋላ። ጤነኛ ጎማም ቢሆን በወር አንድ ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) ገደማ ንፋስ ያጣል። አየሩ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሲቀዘቅዝም አንድ ሌላ ይቀንሳል። በስድስት ወር አንዴ የምትለኪ ከሆነ ጠርዙ እንዴት እንደተበላ ገባሽ አይደል? መለኪያው ትንሽ ዕቃ ነው፣ ገዝተሽ መኪናው ውስጥ አስቀምጪ። ጎማ ለማቆየት ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

በዚያው በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር የፊትና የኋላውን አዟዙሪ። የፊት ጎማ በሚጎትት መኪና የፊቶቹ ሞተሩንም መሪውንም ተሸክመው ቶሎ ያልቃሉ። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚል ዋስትና ያለው ጎማ ከገዛሽ ደግሞ ያዟዟርሽበትን ደረሰኝ አትጣዪ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ለሁለት ጎማ ብቻ ነው አቅሜ። መኪናዬ በፊት ነው የምትጎትተው፣ አዲሶቹን ፊት ላስገባ አይደል?

መልስ፦ አይደለም፣ ኋላ! ሁሉም ሰው ፊት ይላል፣ እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩ እንዲህ ነው። እርጥብ መንገድ ላይ የፊቱ ቢንሸራተት መኪናዋ አልታጠፍ ትላለች፣ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ብዙ ጊዜ ትመለሳለች። የኋላው ከተንሸራተተ ግን ዞራ ፊቷን ወደመጣህበት ታደርገዋለች፣ ያንን የሚመልስ ሹፌር ጥቂት ነው። ስለዚህ የተሻለ ጥርስ ያለው ኋላ ይግባ። መኪናህ በአራቱም የምትጎትት ቢሆን ኖሮ ግን ሁለት ብቻ መቀየሩን አልመክርህም ነበር፤ የዙሪያ ልዩነቱ ማርሹን ሊጎዳው ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰፋ ያለ ጎማ ባስገባ ይቆይልኛል?

መልስ፦ ለሥራ መመላለሻ? ተወው። 195/65 አር15 ማለት ወርዱ 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 15 ኢንች ነው። ወርዱን ብቻ 215 ብታደርገው ቁመቱም አብሮ ያድጋል፣ የፍጥነት መቁጠሪያህ ይዋሻል፣ ሲታጠፍም ሊነካካ ይችላል። ሰፊ ጎማ ብዙ ጊዜ ዋጋውም ነዳጁም ይጨምራል። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን እንደ 91ኤች የመሰለ ምልክት ደግሞ አትዝለለው። 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም ይችላል፣ ኤች ማለት በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር። መኪናህ ከምትጠይቀው በታች የሆነውን በርካሽ ቢሰጡህም አትቀበል።

ጥያቄ፦ ኒትሮጅን ልሙላ?

መልስ፦ በነፃ ከሆነ ሙዪ። በክፍያ ከሆነ፣ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ኒትሮጅን ነው።

ጥያቄ፦ አዲሱ ጎማዬ ጎኑን ምስማር ወጋው። ጎሚስታው ከውጭ በኩል ማስቲሽ ከትቶ «ጨርሻለሁ» አለኝ። ይበቃል?

መልስ፦ ጎኑን ከሆነ አይበቃም፣ በምንም ዓይነት ጥገና አይበቃም። ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ ሁልጊዜ ይተጣጠፋል፣ ልጥፍ አይይዝም። ያሳዝናል፣ አዲስ ስለሆነ ያናድዳልም፣ ግን ጎማው አልቆለታል። የተወጋው መሬት የሚረግጠው ፊቱ ላይ ቢሆንና ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ኖሮ ይጠገን ነበር፤ እሱም ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ፣ ውስጡ ታይቶ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ ከውስጥ ሲለጠፍ ነው። ከውጭ የተወተፈው እቤት እስክትገባ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ስኮርታዬ ከመኪናው ጋር የመጣ ነው፣ አንድም ቀን መሬት አልረገጠም። 12 ዓመቱ ነው። ሦስት አዲስ ገዝቼ እሱን አራተኛ ባደርገው አያዋጣም?

መልስ፦ ቁጠባህ ደስ ይላል፣ ግን አይሆንም። ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል። ጥርሱ እንደ አዲስ ቢሆን እንኳ ጎኑን ጫን ብለህ እየው፣ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ታገኝበት ይሆናል። ባታገኝም ውስጡን አታይምና አትመነው። አራት አዲስ ግዛና ከአሮጌዎቹ ውስጥ ጥርሱም ዕድሜውም ደህና የሆነ ካለ እሱን ስኮርታ አድርገው። ከሌለ ስኮርታም ይገዛል። ንፋሱንም ከሌሎቹ ጋር አብረህ ለካ። ይህን ጽፌ ስጨርስ ወጥቼ የራሴን ለካሁት፤ መሙያ ፍለጋ ልሄድ ነው።