ባለ አበባ የግድግዳ ወረቀት ለጠባብ ሳሎን

ጥያቄ፦ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነው። የሳሎኔን ግድግዳ ቅጠልና አበባ ባለው ጥንታዊ ንድፍ ላስጌጥ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ክፍሉን እንዳያጠበው ሰጋሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ቢሆንም ሐሳብዎን የሚያስለውጥ አይደለም። በዚህ ጥበብ ስመ ጥር የሆነው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሞሪስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 ያወጣው የአኻያ ቅርንጫፍ ንድፍ፣ ቅጠሎቹ ቀጫጭን ስለሆኑ፣ መደቡ ፈዛዛ እስከሆነ ድረስ ለጠባብ ክፍል ይስማማል። ትልልቅ አበባ ያለበትን ከወደዱ ግን ከሶፋው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ብቻ ያስለጥፉትና ሌሎቹን ከንድፉ ቀለማት ፈዛዛውን መርጠው ያስቀቧቸው፤ አደይ አበባ ሲፈነዳ እያየ ላደገ ሰው፣ እኔ ብጫውን እመርጣለሁ። አንድ ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ 10 ሜትር ርዝመትና 53 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ አበባውን ከአበባው ሲያጋጥሙ የሚባክን ስለሚኖር አንድ ጥቅል አስበልጠው ይግዙ። አደራ የምልዎ ግን እርጥበቱን ነው፦ በክረምት ውሃ የሳበ ልስን ሳይደርቅ ከተለጠፈበት ወረቀቱ ይላቀቃል፣ ይሻግታልም፤ ስለዚህ ጥቅምት እስኪገባ ይታገሡ።