ያልተወራለትን ፊልም ፈልጋችሁ እዩ

ፊልም መሥራት እንፈልጋለን የምትሉ ልጆቼ፣ ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ነው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። ወጣት ባለሙያዎች ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ሰሞኑን ምን እንዳዩ ነው። መልሱ ሁሌም ይመሳሰላል፤ ሰው ሁሉ የሚያወራለትን ፊልም ነው የሚነግሩኝ። ጥሩ ነው፣ እዩት። ግን ሁላችሁም አንድ ዓይነት ፊልም ካያችሁ የምትሠሩትም አንድ ዓይነት ይሆናል። እኔ የተረሳ ፊልም ልጠቁማችሁ።

«ላቭ ሚ ቱናይት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1932 ፓራማውንት ያወጣው ጥቁርና ነጭ ሙዚቃዊ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ዳይሬክተሩ ትብሊሲ የተወለደው አርመናዊ ሩበን ማሙሊያን ነው። ዜማው የሪቻርድ ሮጀርስ፣ ግጥሙ የሎሬንዝ ሃርት። ሞሪስ ሸቫሊዬ የፓሪስ ልብስ ሰፊ ነው፣ ጃኔት ማክዶናልድ ደግሞ ልዕልት። ልብስ ሰፊው ያልተከፈለውን ሒሳብ ለመቀበል እስከ መሳፍንቱ ግንብ ድረስ ይሄዳል። ባለ ዕዳው ጉዱ እንዳይወጣ «ባሮን ነው» ብሎ፣ የመኳንንት ማዕረግ ሰጥቶ ያስተዋውቀዋል። ከዚያ ፍቅር ይመጣል። ታሪኩ ይኸው ነው፣ ብዙም አዲስ ነገር የለውም። ጉዳዩ አተራረኩ ላይ ነው።

መክፈቻውን ልንገራችሁ። ፓሪስ እየነጋ ነው። ደወል ይሰማል። አንድ የቀን ሠራተኛ መንገድ ላይ ዶማውን ያነሳና ድንጋዩን ይመታል። ሌላው ያንኮራፋል። አንዲት ሴት ደጇን ትጠርጋለች። ሕፃን ያለቅሳል። ጫማ ሰሪዎች ምስማር ይመታሉ። እያንዳንዱ ድምፅ በተራው ይገባና ባለፈው ላይ ይደረባል፤ ሳታስቡት ከተማው በሙሉ አንድ ምት ይዞ ታገኙታላችሁ። ማሙሊያን ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1927 «ፖርጊ» በተባለው ተውኔት መድረክ ላይ ሞክሮት ነበር። እዚህ ግን ካሜራና መቀስ አግኝቷል። ልብ በሉ፣ ድምፅ ወደ ፊልም በገባባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ካሜራው የራሱ ጩኸት እንዳይቀዳ ዝግ ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ ነበር። የብዙው ፊልም ካሜራ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ የቀረው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ደግሞ ለተማሪዎቼ ሁሉ አሳያለሁ። ልብስ ሰፊው ሱቁ ውስጥ ለደንበኛው ስለ ፍቅር ይዘፍናል። ደንበኛው ዜማውን እያንጎራጎረ ይወጣል። የታክሲ ሹፌር ይቀበለዋል። ታክሲው ውስጥ ያለው ተሳፋሪ ሙዚቀኛ ነው፣ ኖታውን ይጽፈዋል። ባቡር ላይ ወታደሮች ይሰሙትና የጉዞ ማርሽ ያደርጉታል። ወታደሮቹ ሲያልፉ አንድ ጂፕሲ ሰምቶ በቫዮሊን ወደ ሰፈሩ ይወስደዋል። ከዚያ ማታ ላይ ሰገነት ላይ የቆመችው ልዕልት ጆሮ ይደርሳል። እሷም ታዜመዋለች። ሁለቱ እስካሁን አልተያዩም! ግን አንዱ የጀመረውን ሌላው ጨርሶታል፤ እኛም መገናኘታቸውን መጠበቅ ጀምረናል። ስንት ገጽ ንግግር ይህን ይሠራል?

የምመክራችሁ ይህንኑ ነው። ዘፈን ፊልም ውስጥ ሲገባ ሥራ ይኑረው። ሰው ያገናኝ፣ ቦታ ያሻግር፣ ምሥጢር ያውጣ። ታሪኩ ቆሞ ዘፈኑ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ከሆነ አውጡት፣ ዜማው የቱንም ያህል ቢያምር። እዚህ ፊልም ላይ ሰውዬው ተራ ልብስ ሰፊ መሆኑ ሲታወቅ ወሬው ከመሳፍንቱ እስከ አሽከሮቹ ግንቡን የሚያዳርሰው በዘፈን ነው። አንዳንዴ ተራው ንግግር እንኳ ቤት ይመታል። አደኑ ላይ ደግሞ አጋዘኑ እንዳይረበሽ ቀስ ብለው እንዲመለሱ ሲነገራቸው አዳኞቹ ከነፈረሶቻቸው በስሎው ሞሽን ይሄዳሉ። በ1932! እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ሁሉም ነገሩ አያስደስትም። ሐኪሙ ለልዕልቲቱ ባል የሚያዝላት ቀልድ ዛሬ አያስቅም፣ ሊያስቅም አይገባም። ግን እዚያ ላይ ተናዳችሁ አትዝጉት። መጨረሻው ላይ ፈረስ ጭና ባቡር የምታሳድደውና ሐዲዱ ላይ ቆማ የምታስቆመው ራሷ ልዕልቲቱ ናት።

ታዲያ ለምን ተረሳ? አንዱ ምክንያት በወቅቱ ተመልካቹ ሙዚቃዊ ፊልም ሰልችቶት ስለነበር ነው። ሁለተኛው፣ ሁለቱን ተዋንያን ከዚያ በፊት ያጣመራቸው ዳይሬክተሩ ኤርንስት ሉቢትሽ ነው፣ የእሱ ስም የማሙሊያንን ሸፈነው። ሦስተኛው ግን ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የሆሊውድ ሳንሱር ሲጠነክር ፊልሙ እንደገና ለመታየት ተቆረጠ። የተቆረጠው አልተገኘም። ዛሬ የምናየው 89 ደቂቃ ያህሉን ብቻ ነው። እኔ በሙያዬ ብዙ ቆርጫለሁ፣ ግን የወጣው ይቀመጣል እንጂ አይጣልም። ፋይላችሁን አትደምስሱ። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ እንዲያም ሆኖ ስሙን የሚያውቅ ወጣት እምብዛም አይገጥመኝም።

እንዲህ ያሉ ፊልሞች እንዴት ይገኛሉ ለምትሉኝ፣ ስም ተከተሉ። ፊልም ሲያልቅ የሚወጡትን ስሞች አንብቡ። ከዋናዎቹ ጀርባ ያለች ተዋናይት ከወደዳችሁ፣ ከመታወቋ በፊት ምን እንደሠራች ፈልጉ። ማይርና ሎይን ብዙ ሰው የሚያውቃት በ1934ቱ «ዘ ቲን ማን» ነው። እሷን ወደ ኋላ የተከተለ ሰው እዚህ ፊልም ላይ ወንድ በማሳደድ የተጠመደች ቆንጆ የመኳንንት ሴት (ካውንቴስ) ሆና ያገኛታል። የዜማ ደራሲውንም፣ ካሜራ ያነሳውንም፣ የቆረጠውንም እንዲሁ ተከተሉ። ስልካችሁን አስቀምጡና ጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ከመክፈቻው ጀምሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አትዝለሉ።